ማርትሬዛ፣ የምኒልክ ብር ወይስ የአክሱም ሳንቲም? ከመሬት የወጣ አሮጌ ገንዘብ ዋጋው እንዴት ይታወቃል?

አሮጌ ሳንቲም ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓመቱን ነው። «1780 ይላል፣ ስንት ያወጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ዓመቱን ማመን ግን በእኛ አገር ገንዘብ ላይ ክፉኛ ያሳስታል። በብዛት ከሚገኙት አሮጌ ገንዘቦች ሁለቱ፣ የኦስትሪያ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ማርትሬዛና የጃንሆይ ሳንቲም፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት አንድ ዓመት እየተጻፈባቸው የተመቱ ናቸው። ማርትሬዛ ሁሌም ማለት ይቻላል 1780 ነው። ከነጻነት በኋላ የወጣው የጃንሆይ ሳንቲም ሁሌም 1936 ነው። ስለዚህ የሚሻለው ሚዛኑን፣ ማዕድኑን፣ የገጹን ሁኔታና የተገኘበትን ቦታ ማየት ነው። ዓመቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ይህን የጻፍኩት ቤት ሲሠራ፣ እርሻ ሲታረስ ወይም ወርቅ በማሽን ሲፈለግ ሳንቲም ለወጣላቸው ሰዎች ነው። ያገኛችሁትን ከሌላው ለይታችሁ፣ ለማን ማሳየት እንዳለባችሁ እንድታውቁ።

ሚዛን ይቅደም

ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋችኋል። የግራምን መቶኛ የሚያነብ ቢሆን ጥሩ ነው። ሚዛኑ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

28 ግራም ገደማ የሚመዝን ትልቅ የብር ሳንቲም ከሆነ ምርጫው ጠባብ ነው። ወይ ማርትሬዛ ነው፣ ወይ የምኒልክ ብር፣ ወይ ጣልያን ለኤርትራ ያስመታችው ታለር። 14 ግራም ከሆነ የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) ሊሆን ይችላል። 7 ግራም ሩብ ብር ነው፣ ወይም የጃንሆይ 50 ሳንቲም። ተሙን (የብር ስምንተኛ) 3.5 ግራም አካባቢ ናት። መሐለቅ ወይም ግርሽ የምትባለው ትንሿ ብር 1.4 ግራም ብቻ ናት። ሳንቲሙ እዚህ ውስጥ የማይገባ፣ ስስና ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ከሆነ፣ ፊቱም ላይ ዘውድ የደፋ ሰው ወይም መስቀል ካለ፣ ቶሎ ብላችሁ ስለ አክሱም የጻፍኩትን አንብቡ። የዚያ ነገር ሌላ ነው።

ማግኔትም አቅርቡበት። ብር ማግኔት አይስበውም። ከተሳበ ብር ነው የተባለው ብር አይደለም ማለት ነው። ግን አትጣሉት። በ1923 ዓ.ም. የወጡት የጃንሆይ የ10፣ የ25ና የ50 ማቶና ሳንቲሞች ኒኬል ስለሆኑ ማግኔት ይስባቸዋል። እውነተኛ ናቸው፣ የብር ዋጋ ግን የላቸውም።

አሁን ከሁሉም የምወደውን ፈተና ላሳያችሁ። ማርትሬዛውን መዝኑት። 28.07 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ያለቀ ከሆነ ትንሽ ይቀንሳል። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሙሉ በሙሉ ይስጠም፣ ግን የብርጭቆውን ታችና ጎን አይንካ። ሚዛኑ 2.75 ግራም ገደማ ያሳያል። የመጀመሪያውን ክብደት ለዚህ ስታካፍሉት 10.2 ይመጣል። ከመዳብ ጋር የተቀላቀለ የማርትሬዛ ብር ጥግግቱ ይኸው ነው። ሚዛኑ 3.2 ወይም 3.3 ካለ በእጃችሁ ያለው በመዳብና በሌላ ርካሽ ማዕድን የተሠራ፣ ላዩን በብር የተቀባ ነገር ነው። ሳንቲሙን አልፋቃችሁትም፣ አሲድም አላፈሰሳችሁበትም። ሻጭና ገዢ ሊጣሉ ሲደርሱ ይህች ብርጭቆ ብዙ ክርክር ታስቀራለች።

ማርትሬዛ ወይስ የምኒልክ ብር?

ሁለቱ በክብደት መንትያ ናቸው። የምኒልክ ብር ከመጀመሪያውም ማርትሬዛን ለመተካት ታስቦ ስለተመታ ሚዛኑ ሆን ተብሎ ተቀራርቧል። ማርትሬዛ ከሺህ 833 እጁ ንጹህ ብር ነው። የምኒልክ ብር 835። ሁለቱም ውስጥ 23.4 ግራም አካባቢ ንጹህ ብር አለ። አንጥረኛ ጋር ብትወስዷቸው እኩል ናቸው። ሰብሳቢ ጋር ግን አይገናኙም።

ማርትሬዛን እንይ። እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ግን ገንዘቧ በቀይ ባሕር ዙሪያ በጣም ስለተወደደ ያንኑ ዓመት ይዞ መመታቱን ቀጠለ። ቪየና መታችው። ሚላን፣ ቬኒስና ፕራግም መቱት። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲነሳ በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ማስመታት ጀመረ። ወዲያው ለንደን ተከተለች፣ ፓሪስና ብራስልስም ገቡበት። ቁጥሩ በመቶ ሚሊዮኖች ነው። በየመሬቱ ተቀብሮ ከሚወጣው ጠገራ ብር አብዛኛው የ19ኛውና የ20ኛው ክፍለ ዘመን ምት ነው። ስለዚህ ተራ ማርትሬዛ ዋጋው በውስጡ ካለው ብር ብዙም አይርቅም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የዕለቱን የአንድ ግራም ንጹህ ብር ዋጋ ጠይቁና በ23.4 አባዙት። ለምሳሌ ግራሙ 200 ብር ቢሆን 4,680 ብር ይመጣል። ከዚህ በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ የሚሰጣችሁ ሰው እየጎዳችሁ ነው። «የ1780 ነው፣ ከ200 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው» ብሎ አሥር እጥፍ የሚጠይቃችሁ ሻጭም እንደዚሁ።

ከተራው የሚለይ ማርትሬዛ አለ ወይ? አለ። አንደኛ፣ ከ1780 ሌላ ዓመት የተጻፈበት። ንግሥቲቱ በሕይወት ሳለች የተመታ ስለሆነ ለብቻው አስቀምጡትና ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ሁለተኛ፣ የተለያዩ ከተሞች ምቶች በጥቃቅን ምልክት ይለያያሉ። ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ቅርጽና የእንቁዎቹ ብዛት፣ ጀርባው ላይ ያለው የባለ ሁለት ራሱ ንስር የጭራ ላባዎች፣ ከምስሏ ሥር ያሉት ፊደላት፣ ሁሉም የሚታዩ ናቸው። የጥንት ነጋዴዎቻችንም እንቁውን ቆጥረው ነበር የሚቀበሉት። እንቁው ያልታየ፣ ያለቀ ብር አንቀበልም ይሉ ነበር። የዛሬ ሰብሳቢም የሚያየው እዚያው ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት አሉ። ፊደሎቹ ደብዝዘው፣ ጠርዙን የሚዞር የመጋጠሚያ መስመር ካያችሁ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው።

አገራችን ውስጥ ብዙ ማርትሬዛ ጌጥ ሆኖ ኖሯል። ተበስቷል፣ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፣ አንገት ላይ ውሏል። ብየዳው ቢነሳም ጠባሳው ይቀራል። የተበሳ ማርትሬዛ ለሰብሳቢ ዋጋው ወደ ብሩ ዋጋ ይወርዳል። ከነሙሉ ሰንሰለቱና ከነዶቃው የተገኘ ጌጥ ግን ሌላ ነው። እሱን በታትኖ ሳንቲሙን ለብቻ መሸጥ ኪሳራ ነው። እንዲህ ያለውን ሳይነካ ያቆየ ሰው በብዙ ይጠቀማል።

የምኒልክ ብር ሌላ ታሪክ ነው። ፓሪስ ውስጥ መመታት የጀመረው በ1887 ዓ.ም. ነው። ፊት ለፊቱ ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ ጀርባው ላይ ባንዲራ የያዘው አንበሳ። ሕዝቡ ማርትሬዛን ስላመነ የምኒልክ ብር እንደታሰበው አልተስፋፋም። ለዚህ ነው ዛሬ ከማርትሬዛ በጣም ያነሰ የሚገኘው፣ ለዚህም ነው የሚወደደው። እዚህ ላይ ዓመቱ ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም እውነተኛ ዓመት ነው። በግእዝ ቁጥር ስለተጻፈ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ፲፰፻፹፯ ማለት 1887 ነው። ፲፰፻፺፭ ደግሞ 1895። ፹ና ፺ ባለቀ ሳንቲም ላይ ስለሚመሳሰሉ አጉሊ መነጽር ይኑራችሁ። ውጭ አገር ለሚኖር ገዢ ስትነግሩት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምሩ። አንበሳው ያነሳው የፊት እግር የግራ ወይም የቀኝ መሆኑም ምቱን ይለያል። ፎቶ ስትልኩ ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን አንሱ።

የምኒልክን ሳንቲም ሁሉ ግን ውድ አድርጋችሁ አትዩ። 1895 የተጻፈባት ትንሿ ግርሽ በጣም በብዛት የተመታች ናት። ብርነቷ 1.4 ግራም ላይ ያልቃል። አላዱና ብሩ፣ በተለይ የንጉሡ ጺምና የአንበሳው ጋማ ሳያልቅ የቆየው፣ እሱ ነው ትዕግሥት የሚገባው። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። አንድ ማርትሬዛና አንድ ጥሩ የምኒልክ ብር ኖሯችሁ አንዱን መሸጥ ግድ ከሆነባችሁ ማርትሬዛውን ሽጡ።

ለኤርትራ የተመታው የጣልያኑ ንጉሥ የኡምቤርቶ ታለር 1891 ወይም 1896 ይላል። ክብደቱ 28.1 ግራም ገደማ ነው። ሰብሳቢዎች በጣም ስለሚፈልጉት ሐሰተኛውም ብዙ ነው። የውኃውን ፈተና ሳታደርጉ አትደሰቱ፣ አትግዙም።

1936 የሚለው ሳንቲም

እዚህ አጭር ልሁን። የቀይ መዳብ የጃንሆይ 1፣ 5፣ 10ና 25 ሳንቲም ሞልቷል። ዓመቱ ፲፱፻፴፮ እንደሆነ እስከ ደርግ ዘመን ድረስ ስለቀጠለ ሳንቲሙ በትክክል መቼ እንደተመታ ከዓመቱ አይታወቅም። 1936ን የፈረንጅ ዓመት መስሎት የወረራው ዘመን ገንዘብ ነው የሚልም አለ። አይደለም፣ ከነጻነት በኋላ ነው።

ሁለት ነገር ግን ለዩ። የመጀመሪያው 50 ሳንቲሙ ነው። እሱ ብር ነው። የቀደመው ከሺህ 800፣ የኋለኛው 700 እጅ ብር አለው። ዓመቱ አንድ ስለሆነ በዓይን መለየት ይከብዳል። ስትሸጡ በ700 አስልታችሁ ጀምሩ። 7 ግራም ስለሚመዝን 4.9 ግራም ንጹህ ብር ማለት ነው። ሁለተኛው 25 ሳንቲሙ ነው። መጀመሪያ ክብ ሆኖ ነበር የወጣው። አንዳንዱ ብር እየቀባው በ50 ሳንቲም ስም ስላሳለፈው ጠርዙ ሞገዳማ ሆኖ እንደገና ተሠራ። ክቡ ከሞገዳማው በቁጥር ያነሰ ስለሆነ ለብቻው አስቀምጡት።

አክሱም ከሆነ ዋጋ አትጠይቁ

አሁን ወደ ከባዱ። ትግራይ ውስጥ፣ ኤርትራ ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ራቅ ብሎ የሚወጣ ትንሽ የነሐስ፣ የብር ወይም የወርቅ ሳንቲም አለ። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የራሳቸውን ገንዘብ ይመቱ ነበር። በዚያ ዘመን ወርቅ ገንዘብ በስሙ የሚመታ መንግሥት በዓለም ላይ ጥቂት ነበር። እንዱቢስ ጀመረ። ከእሱ በኋላ አፊላስ፣ ወዜባ፣ ኢዛና፣ ካሌብ፣ እስከ አርማሕ ድረስ። ወርቁ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በግሪክ ፊደል ጻፉ፣ ምክንያቱም ወርቁ ወደ ባሕር ማዶ ነጋዴ የሚሄድ ነበር። ብሩና ነሐሱ ላይ እየቆየ ግእዝ በዛ። ኢዛና ከመጠመቁ በፊት ሳንቲሙ ላይ ጨረቃና ክብ ነበረ። ከተጠመቀ በኋላ መስቀል ሆነ። አንድ አገር ሃይማኖቱን የቀየረበትን ጊዜ መዳፍ ላይ በምታርፍ ሳንቲም ማየት ይቻላል።

በአንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ መስቀሉ ወይም ዘውዱ ዙሪያ ስስ ወርቅ ተለብጧል። በጣም ስስ ነው። በሎሚና በአመድ አንዴ ብታሹት ይሄዳል፣ አይመለስም።

እንዲህ ያለውን ሳንቲም ለማርትሬዛ በተጠቀምንበት ስሌት መመዘን አይቻልም። የነሐሱ ማዕድን ዋጋ የለውም። ወርቁም ከ3 ግራም በታች ነው። ዋጋው ያለው የት፣ በስንት ጥልቀት፣ ከምን ጋር እንደተገኘ በማወቅ ነው። ከሸክላ ስባሪ ጋር የተገኘ አንድ ሳንቲም ያ ቤት በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደተሠራ ይናገራል። ከመሬቱ ተነቅሎ በኪስ የሄደ ሳንቲም ይህን ሁሉ ያጣል። ከዚያ በኋላ ደላላው የሚሰጠው ዋጋ ለያዘው ሰውም ቢሆን ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም ሕጋዊ ገዢ የለውም።

ሕጉም ግልጽ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ለመፈለግ መቆፈርን ይከለክላል። በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ማሽን ይዞ ጥንታዊ ፍርስራሽ ላይ መዞር ከዚህ ውጭ አይደለም። እርሻ ስታርሱ ወይም መሠረት ስትቆፍሩ ከወጣላችሁ ቁፋሮውን አቁሙ። ቦታውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን ንገሩ። ስታስረክቡ ደብዳቤ ተቀበሉ፣ የሳንቲሙም ፎቶ አብሮ ይያያዝ። ይህን ሳያደርጉ በቃል አስረክቦ መሄድ ጥሩ አይደለም። ሳንቲሙ በኋላ ቢፈለግ ወረቀቱ ነው የሚመሰክረው።

አትጠቡት

ይህ ለሁሉም ይሠራል። በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በአመድ፣ በኮካ ኮላ የታጠበ ሳንቲም ያበራል። ሰብሳቢ ግን ያንን ብርሃን በአንድ እይታ ያውቀዋል፣ ዋጋውንም በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ብር ላይ በዘመን የሚመጣው ጥቁረት ጉዳት አይደለም። ነሐስ ላይ ያለው ጠንካራና ለስላሳ ጥቁር አረንጓዴም ሳንቲሙን የሚጠብቅ ነው። የሚያሰጋው እንደ ዱቄት የሚረግፍ ደማቅ ቀላል አረንጓዴ ነው። እሱ እየበላው ነው። ውኃ አታስነኩት። በደረቅ ቦታ ለብቻው አስቀምጡትና ባለሙያ ይየው።

ተራ ብር ላይ ጭቃ ካለ በተጣራ ውኃ ዘፍዝፋችሁ ለሰዓታት ተዉት። ጭቃው ራሱ ይለቃል። በጣት አትሹት። በለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ይድረቅ።

ለማን ይሸጥ?

አንጥረኛና ወርቅ ቤት በግራም ይገዛሉ። ፈጣን ነው፣ ገንዘቡም በእጅ ነው። ለተበሳ፣ ለተበየደ፣ ለታጠበ ማርትሬዛ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ለምኒልክ ብር ግን ከዚህ የከፋ የለም፣ ምክንያቱም ይቀልጣል።

የቅርሳ ቅርስ ሱቅ መካከል ላይ ነው። ከአንጥረኛው የተሻለ ሊሰጥ ይችላል። ግን እሱም አትርፎ ለቱሪስት ሊሸጥ ስለሆነ የመጀመሪያውን ዋጋ አትቀበሉ። ሁለት ሦስት ሱቅ ሳታዳርሱ አትቁረጡ።

ሰብሳቢ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለገጹ ነው። ሳንቲሙን ከእጃችሁ ሳታወጡ አሳዩት። «ትንሽ ላቆየውና ላጣራ» ካለ አብራችሁ ሂዱ።

ውጭ አገር ኤንጂሲና ፒሲጂኤስ የሚባሉ ድርጅቶች ሳንቲም መርምረው ከ1 እስከ 70 ደረጃ ሰጥተው በፕላስቲክ ሳጥን ያሽጋሉ። የታጠበውን ወይም የተጎዳውን ደረጃ ሳይሰጡ ጉዳቱን ብቻ ይጽፉበታል። ክፍያው፣ መላኪያውና ኢንሹራንሱ ሲደመር ከተራ ማርትሬዛ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ በሕጋዊ መንገድ ውጭ አገር ላለና በጣም ጥሩ ሆኖ ለቆየ የምኒልክ ብር ወይም የኡምቤርቶ ታለር ካልሆነ አልመክርም። ከኢትዮጵያ አሮጌ ሳንቲም ይዞ ለመውጣት ግን አስቀድሞ ከቅርስ ባለሥልጣን መጠየቅ ግድ ነው። ቦሌ ላይ ከተያዘ በኋላ ማስረዳት ትርጉም የለውም።

ውጭ የምትኖሩና በትርፍ ጊዜያችሁ ማሽን ይዛችሁ የምትወጡ ደግሞ የአገሩን ሕግ ቀድማችሁ እወቁ። አሜሪካ ውስጥ ከ1965 በፊት የተመታ ዳይምና ኳርተር 90 በመቶ ብር ነው። ጠርዙ ላይ የመዳብ ቀይ መስመር ካላያችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ። እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ቦታ የተገኙ፣ ከ300 ዓመት በላይ የሆኑ ሁለት የወርቅ ወይም የብር ሳንቲሞች በ14 ቀን ውስጥ ሪፖርት መደረግ አለባቸው። እስራኤል ውስጥ ከ1700 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነገር ሁሉ የመንግሥት ነው፣ ያለ ፈቃድ በማሽን መፈለግም ክልክል ነው።

እስክትወስኑ ድረስ እያንዳንዱን ሳንቲም ለብቻው በወረቀት ፖስታ አድርጉ። የሚለጠጥና የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ አትክተቱ፣ እየቆየ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይተፋበታል። ፖስታው ላይ ክብደቱን፣ የውኃውን ፈተና ውጤት፣ የተገኘበትን ቀንና ቀበሌ ጻፉ። ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ ሳንቲሙን ሳይሆን ፖስታውን ያንብብ።